በበቆጂ በኩል ወደ ሐዋሳ፦ የአንድ ተራ ሯጭ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ እስከ በቆጂ

የሐዋሳው ግማሽ ማራቶን የሚካሄደው እሑድ ጠዋት በመሆኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚሄድ ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መነሣት ይበቃዋል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ግን ረዘም ያለውን መንገድ መረጥን። በአዳማ አድርገን ወደ አሰላና ወደ በቆጂ፣ ከዚያም በአሳሳ፣ በዶዶላና በኮፈሌ ዞረን ሻሸመኔ ላይ ዋናውን መንገድ ለመያዝ ተስማማን። እሱ የተመዘገበው ለአጭሩ የሕዝብ ሩጫ ሲሆን እኔ የተመዘገብኩት ለግማሽ ማራቶኑ ነው። ሁለታችንም የጎዳና ሩጫ በተዘጋጀ ቁጥር ካናቴራ ከሚገዙት ወገን ነን፤ ሆኖም የአገራችን የሩጫ ስም የተሠራበትን አፈር እስከ ዛሬ አልረገጥነውም ነበር።

ሯጭ ነኝ ስል ነገሩ በልኩ ይያዝልኝ። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሶምሶማ እሮጣለሁ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ እወጣለሁ። በእኛ አገር "እሮጣለሁ" ያለ ሰው ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ "ስንተኛ ወጣህ?" የሚል ነው፤ መልሱን በሺዎች ቤት መናገር ደግሞ ጠያቂንም ተጠያቂንም ያሳቅቃል። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈበት ቀን አንሥቶ ሩጫ በኢትዮጵያ የአሸናፊዎች ጉዳይ ሆኖ ኖሯል፤ የቀረው ሕዝብ ድርሻው በሬዲዮ ማዳመጥ፣ በቴሌቪዥን ማየትና ጀግኖቹ ሲመለሱ አደባባይ ወጥቶ መቀበል ነበር። ለብዙው ሰው በሩ የተከፈተው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዕለት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሥር ሺህ ያህል ሰው ይዞ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ያን ውድድር ያሸነፈው ኃይሌ ራሱ ነው። ከእሱ ኋላ የመጣው ሕዝብ ግን ለማሸነፍ ያልወጣ፣ እንዲያውም ማን እንዳሸነፈ እቤቱ ገብቶ በዜና የሚሰማ ሰው ነበር፤ እኔም የዚያ ሕዝብ ወገን ነኝ።

እስከ አዳማ ያለውን የፍጥነት መንገድ በወሬ ጨረስነው። ከአዳማ በኋላ መንገዱ ዴራንና ኢተያን እያለፈ ሲወጣ አየሩም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ አዳማ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ አሰላ ስንደርስ መልሰን ለበስን። ኃይሌ የተወለደው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ገጠር ነው። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ደርሶ አሥር ኪሎ ሜትር ይመለስ እንደነበረ፣ ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥም ኋላ በዓለም መድረክ ላይ ሲሮጥ የግራ ክንዱ እንደታጠፈ መቅረቱን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አሰላ ምሳ በልተን ሳጉሬን አለፍንና ከመምሸቱ በፊት በቆጂ ገባን።

ዓርብ፦ በቆጂ

በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አዲስ አበባም ደጋ ናትና ነዋሪዋ ለከፍታ ባዳ አይደለም፤ ቢሆንም ከማረፊያችን እስከ ባሕር ዛፉ ጫካ ያለችውን አጭር ዳገት በሶምሶማ ስንወጣ ባልደረባዬ ወሬውን አቆመ፤ እሱ ደግሞ ወሬ የሚያቆም ሰው አይደለም።

ጫካው ውስጥ ስንደርስ ገና በቅጡ አልነጋም ነበር። ወጣቶቹ አንዱ ከአንዱ ተረከዝ ሥር ሆነው በአንድ ረድፍ በዛፎቹ መካከል እየተጥመዘመዙ ይሮጣሉ። ማንም አይናገርም፤ የሚሰማው ትንፋሽና የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ ብቻ ነው። ፊት ያለው ልጅ ጉቶ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥመው እጁን ዝቅ አድርጎ በጣቱ ይጠቁማል፤ ቀጥሎ ያለውም ያንኑ ይደግማል፤ ምልክቱም እንዲህ እየተላለፈ እስከ መጨረሻዋ ልጅ ይደርሳል። አንድም ሰው ሲሰናከል አላየሁም። በከተማ ውስጥ ስንሮጥ ከፊታችን ያለው ሰው ክፍት የቦይ ጉድጓድ ዘሎ ያልፍና ከኋላው ያለው ራሱን እንዲያድን የሚተወን እኛ፣ ይህን ልማድ ብንወስደው ደግ ነበር።

ረድፉ ካለፈ በኋላ አንዲት ዐሥራ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጠብቅ አየኋት። የቀኝ ጫማዋ አፍንጫ በነጭ ክር በእጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ የተጠጋጋና የተስተካከለ ነው፣ የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም። የግራው ጫማ ማሰሪያ አጭር ስለሆነ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች ሁለቱን ዘላ አሥራዋለች። ተነሣችና እግሯን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ፣ ከሄዱት ጓደኞቿ ኋላ በቀላሉ ሸርተት ብላ ጠፋች።

ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ የወጡትን ስም መጥራት ለአንባቢ ሐተታ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው የ5,000 እና የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ጠቅልለው ወሰዱ። ከእነዚህ ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ሥንታየሁ እሸቱ ናቸው። ይህን ሁሉ ድል የአንድ ከተማ አየርና ገብስ ብቻ እንዳላመጣው ለማወቅ አንድ ጠዋት ልምምዱን ማየት ይበቃል፤ ታላላቆቹ ያለፉበትን መንገድ ታናናሾቹ በየቀኑ ያዩታል፣ መንገዱ ላይ የሚያሰልፍና የሚቆጣ መምህርም አለ።

ልምምዱ ሲያበቃ ሦስት ወጣቶች ወደ እኛ ቀረቡ። ከመካከላቸው ደፈር ያለው፣

"ጋሼ፣ ክለብዎ የትኛው ነው?" አለኝ።

"ክለብ የለኝም፤ እሑድ ሐዋሳ ላይ ለራሴ ነው የምሮጠው።"

"ታዲያ ማን ይከፍልዎታል?"

"ማንም አይከፍለኝም። እንዲያውም ለመሮጥ የምከፍለው እኔ ነኝ።"

ልጁ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ተረጎመላቸውና ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው የንቀት አልነበረም፤ በእርግጥም የሚያስቅ ነገር ሰምተዋል። ለእነሱ ሩጫ ሥራ ነው፤ ክለብ መግባት ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ የወላጅ ቤት ቆርቆሮና የታናናሾች ደብተር ነው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ለመድከም መሰለፉን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት አወራሁላቸው። በመጨረሻ ያ ደፋሩ ልጅ "እንደ ጥምቀት ነው ማለት ነው" ብሎ ደመደመው፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ስላልነበረኝ ተስማማሁ።

ማታ ያረፍንበት ቤት እመቤት በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልን። "ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ሩጫ በባዶ ሆድ አይሆንም" እያሉ ደጋግመው ጨመሩልን። ገብስ ለረጅም ሩጫ የሚሰጠውን ጉልበት የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከመናገራቸው በፊት የአርሲ እናቶች ያውቁት እንደነበረ ጥርጥር የለኝም።

ቅዳሜ፦ ወደ ሐዋሳ

በየከተማው መኪና እየቀየርን ሄድን። የአሳሳ ሜዳ ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ዶዶላ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ኮፈሌ ላይ ጭጋግ ተቀበለን፤ ሻሸመኔ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከበቆጂ የመጣ ሰው ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ነው የሚደርስባት። ትንፋሽ እንደልብ ይገኛል፤ ትንፋሹ የሰጠውን ግን ፀሐይ መልሳ ትወስደዋለች፤ ስለዚህ እዚህ የሚሮጥ ደገኛ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሳንባው ቀለለኝ ብሎ ቢፈጥን በኋለኞቹ ይከፍላል።

የደረት ቁጥራችንንና ካናቴራችንን ተቀበልን። እንደ ወትሮው በካናቴራው ላይ የዝግጅቱ ስም፣ የአጋሮቹ ምልክቶችና መልእክት ታትሟል። እቤቴ በመሳቢያ ውስጥ ያሉትን ካናቴራዎች ብደረድራቸው ስለ ሕፃናት ጤና፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርትና ስለ ጽዳት የተነገረ አንድ ሙሉ ስብከት ይወጣቸዋል። በግልጽ ለመናገር፣ በጀርባ ላይ የታተመ ጽሑፍ የሰውን ጠባይ ይለውጣል ብዬ አላምንም፤ መልእክቱን የሚያነበው ከኋላ ያለ ሯጭ ነው፣ እሱም ቢሆን በዚያ ሰዓት የሚያስበው ስለ ባቱ ሕመም ነው።

ለአንድ ወገን ተብሎ የሚዘጋጅ ሩጫ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየመጋቢቱ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደውን የቅድሚያ ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ እንደ ወንድነቴ ከዳር ቆሜ ነው የማየው፤ ባለቤቴና እህቷ ይሮጣሉ፣ እኔ ቦርሳና ሹራብ እጠብቃለሁ። እዚያ የሚወጡት ሴቶች ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ ከማያቸው ይለያሉ። ነጠላቸውን በካናቴራው ላይ ወገባቸውን የታጠቁ እናቶች፣ ሻሽ ያሰሩ ባልቴቶች፣ ከሥራ ቤት ተሰብስበው የመጡ ሠራተኞች፣ አራስ ቤት የከረሙና ጡጦ የያዘ ባል ዳር ያቆሙ ወጣት እናቶች በብዛት ይታያሉ። የባለቤቴ እህት ከዚያ በፊት በአደባባይ ሱሪ ለብሳ ሮጣ አታውቅም። ጎዳናው በሙሉ የሴት ሲሆን ግን ማን ያየኛል የሚለው ሥጋት አብሮ ይቀራል፤ አጠገቧ የምትሮጠዋም እንደ እሷ ቤቷን ዘግታ የመጣች ናት። ለእኔ የዚህ ዓይነቱ ሩጫ መልእክት በካናቴራው ላይ የተጻፈው ሳይሆን ካናቴራውን የለበሰችው ሴት ራሷ ናት።

ወደ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሽ ተራመድን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኞች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። መኮሮኒ በልተን ገና በጊዜ ተኛን።

እሑድ፦ ሩጫው

መነሻው ላይ የተሰለፍነው ፀሐይዋ ገና ሳትጠነክር ነው። ፊት ላይ የክለብ አትሌቶች ቆመዋል፤ ከእነሱ ኋላ ሰዓታቸውን እየነካኩ የሚጠብቁ ብርቱዎች፤ ከዚያ እኛ። የሐዋሳው ዝግጅት ከአዲስ አበባው የሚለይበት ዋና ነገር ርቀቱ ነው። በታላቁ ሩጫ ሕዝቡ በመስቀል አደባባይ ከመሞላቱ የተነሣ መጀመሪያ ላይ መራመድ እንጂ መሮጥ አይቻልም፤ ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውኃ ይረጫጫል፣ መንገድ ላይ የሙዚቃ መድረክ ሲያገኝ ቆሞ እስክስታ ይመታል፤ 10 ኪሎ ሜትሩም በዚሁ ያልቃል። ግማሽ ማራቶን ግን 21 ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ርቀት በጭፈራ መግፋት አይቻልም። ስለዚህ እዚህ የሚመዘገበው ተራ ሯጭ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ማለዳ የተነሣ ሰው ነው፤ ጨፋሪው በአጭሩ ሩጫ ይሰለፋል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማገናኘት ጥሩ ብልሃት ነው፤ ምክንያቱም ዘንድሮ አጭሩን የጨፈረ ሰው ረጅሙን የሚሮጠውን አይቶ ለከርሞ ሊያስብበት ይችላል።

የሐዋሳ ጎዳናዎች ሰፋፊና በአብዛኛው ሜዳማ ናቸው። ይህ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ዳገትም ቁልቁለትም ስለሌለ እግር ጡንቻ እየቀያየረ አያርፍም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራው ያው ጡንቻ ነው። እስከ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ድረስ በሰላም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ጥላ የሚገኘው በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ሆነ፤ ሯጩ ሁሉ ወደዚያ ተጠግቶ በዛፎቹ ሥር እንደ በቆጂ ልጆች በረድፍ መሮጥ ጀመረ። ባጃጅ የሌለበት የሐዋሳ መንገድ ማየት ብቻውን ብርቅ ነው። ነዋሪው በየደጁ ወጥቶ ቆሟል፤ አንዲት እናት በጆግ ውኃ እየቀዱ ለሚፈልግ ራሱ ላይ ያፈሱ ነበር፤ እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ፣ "እደግ" ብለው መረቁኝ፣ ከዕድሜዬ ጋር ባይሄድም ወሰድኩት።

ስለ ተመልካች ማበረታቻ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰው ሯጭ ሲደክም ካየ "ደርሰሃል!" ይላል። ዐሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደርሰሃል ተባልኩ፤ ዐሥራ ስድስተኛው ላይ ደርሰሃል ተባልኩ፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በሙሉ እምነት "ደርሰሃል፣ እዚችው ናት" አለኝ። ቸርነት ነው፣ ግን ለሯጭ ቁጥሩ ቢነገረው ይሻላል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀረህ የተባለ ሰው ጉልበቱን ለሁለት ኪሎ ሜትር ይመድባል፣ ደርሰሃል የተባለ ግን የመድረሻውን መስመር በየማዞሪያው ይፈልጋል። በዚሁ መካከል አንዲት ወጣት በቀላል እርምጃ አጠገቤ ደረሰችና "አይዞዎት አባቴ" ብላኝ አለፈች። አባቴ መባሉን ለመልመድ ቀሪውን መንገድ ያህል ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጥቅሙ ግን የእግሬን ሕመም አስረሳኝ።

መድረሻው ላይ ሜዳሊያዬን ካጠለቅኩ በኋላ ባልደረባዬን አገኘሁት። አጭሩን ሩጫ ጨርሶ፣ ሙዝ በልቶ፣ ልብስ ቀይሮ የልጆቹን ሩጫ ሊያይ ቦታ ይዞ ነበር። የልጆች ሩጫ በዕድሜ ተከፍሎ የሚካሄድ ነው፤ ታናናሾቹ የሚሮጡት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ካናቴራው እስከ ጉልበቱ የደረሰ አንድ ሕፃን ከሁሉ ቀድሞ ፈነጠቀና እናቱን ከአጥሩ ወዲያ ሲያያት ድንገት ቆመ። ሌሎቹ በግራና በቀኝ አልፈውት ሲሄዱ እሱ አጥሩን ይዞ ካናቴራው ላይ ያለውን ቁጥር ያሳያታል። እናትየዋ "ሩጥ እንጂ፣ ሩጥ!" እያሉ በእጃቸው ወደ ፊት ይጠቁሙታል፣ እሱ ቁጥሩን ይጠቁማል። በመጨረሻ አንዲት አስተባባሪ እጁን ይዛ አብራው ሮጠች፤ መስመሩን ሲያልፍም ከኋላ የመጣ አንድም ልጅ አልነበረም። ሜዳሊያ ግን ተሰጠው። በቆጂ ላይ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጠብቅ ያየኋት ልጅ እንዲህ ያለ ሩጫ ገጥሟት ያውቅ ይሆን ብዬ ለባልደረባዬ ነገርኩት። "እሷ እዚህ ብትመጣ የአዋቂዎቹን ታሸንፋለች" አለኝ፤ ያልኩት እሱን አልነበረም፣ ክርክር ለመግጠም ግን አቅም አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ በላን። ከአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ሁሉ ያንኑ ካናቴራ ለብሰዋል፤ የባንክ ጸሐፊ፣ የመካኒክ ተለማማጅ፣ ሁለት መምህራን፣ ከወላይታ ሶዶ የመጡ ባልና ሚስት። ስለ ሰዓት ያነሣ የለም፤ ሁሉም የሚያወራው የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደደከመው ነው።

ሰኞ፦ መመለሻ

ደረጃ መውጣት ይቻላል፣ መውረድ ግን ፈተና ነው፤ ከማረፊያችን ሁለተኛ ፎቅ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ወረድኩ። መናኸሪያ ደርሰን አውቶቡስ ያዝን። ባልደረባዬ ወዲያው ተኛ። ከጎኔ የተቀመጡት፣ ወደ አምሳ የሚጠጉ የባቱ ነጋዴ ሴት፣ ሜዳሊያው ከቦርሳዬ ኪስ ብቅ ብሎ አይተው ጠየቁኝ፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደምትማርና በመጋቢቱ የሴቶች ሩጫ መሮጥ እንደምትፈልግ ነገሩኝ።

"አሯሯጥ ካልቻሉ ያስወጣሉ እንዴ?" አሉኝ።

"አያስወጡም እትዬ። በእግሯ ተራምዳም ትጨርሳለች፤ የምትራመደው ብዙ ናት። ምዝገባው ሲከፈት ቶሎ ካናቴራውን መያዝ ብቻ ነው፣ ያለ እሱ መነሻው አያስገቡም። ልክ ሲጠየቁ ደግሞ ሰፋ ያለውን ይምረጡ፣ ነጠላ ወይም ሹራብ ከሥር ለመልበስ ይመቻል።"

ስልካቸውን አውጥተው የነገርኳቸውን በድምፅ ቀድተው ለልጃቸው ላኩላት። ባቱ ልንደርስ ስንል መልሱ መጣና ፈገግ እያሉ አነበቡልኝ፤ ልጅቱ ለራሷ መካከለኛ ልክ እንደሚበቃት ጽፋ፣ ለእናቷ የትኛውን ልክ እንደምትይዝላቸው ትጠይቃለች። ትንሽ ዝም አሉና፣ "ላርጅ ያዢልኝ ብዬ ልጻፍላት?" አሉኝ።